ድንጋይ ውስጥ የቀረች ዓይን

«አይጥ ነው እንዴ?» አለች ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት፣ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አዘንብላ።

ከወዲያኛው ክፍል የሚጭር ድምፅ ይመጣል። ይጭራል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይጭራል። አያት የያዙትን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጡ። ባላቸውን ከቀበሩ ሳምንት እንኳን አልሞላቸውም። ድምፁ ግን የሟቹ ነው፤ የብረት መርፌያቸው።

«አይጥስ ቢሆን ባልከፋ» አሉ አያት። «የልጅ ልጄ ናት። አያቷ ጀምረው የተዉትን ድንጋይ እየፋቀች ነው።»

«እሰይ! ሙያው ቤት ቀረ በሉኛ!»

አያት ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። እሷ ምን ታውቃለች! መርፌው እስከ ሳሎን ከተሰማ፣ ጩኸታሙ የአቧራ መሳቢያ ማሽን ጠፍቷል ማለት ነው።

ሟቹ ሽማግሌ ዕድሜያቸውን የፈጁት ከድንጋይ ውስጥ ትሪሎባይት ሲያወጡ ነው። ሰው ሳይፈጠር፣ ዛሬ የብስ የሆነው ባሕር ሳለ፣ ወለሉ ላይ ይርመሰመስ የነበረ፣ ጥሩር የለበሰ የሚመስል ፍጥረት። ከሙዚየም ድንጋዩ ይመጣላቸዋል፤ እሳቸው ዙሪያውን በመርፌ ፍቀው ፍጥረቱን ያወጡታል።

አንድ ቀን ልጅቷን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ የተጠቀለለውን አንዱን መዳፏ ላይ አኖሩላት።

«አባባ፣ ለምንድን ነው እንዲህ የተኮራመተው?»

«ፈርቶ ነዋ! አደጋ ሲመጣ ራሱን ከጅራቱ ገጥሞ ኳስ ይሆናል። ጭቃው ግን ‹ኳስ ነህ› ብሎ አላለፈውም።»

ሁለቱ ተያይተው ሳቁ። አያት አልሳቁም።

ያኔ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ይጮህ ነበር። በኋላ ሽማግሌው ያጠፉት ጀመር። መርፌው ድንጋይ ሲነካና ቅርፊቱን ሲነካ ድምፁ ይለያያል፤ ማሽኑ ከጮኸ ልዩነቱ አይሰማም። «እኔ የማየው በጆሮዬ ነው» ይሉ ነበር። ከዚያ ሳሉ መጣ። «ብርድ ነው» አሉ። ብርዱ በጋም ክረምትም አልለቅ አለ። ሐኪሙ የደረታቸውን ፎቶ ብርሃን ላይ ሲሰቅለው፣ ሳንባቸው የድንጋይ ብናኝ ተነስንሶበት ታየ።

ከወዲያኛው ክፍል ሳል ተሰማ። አንድ ጊዜ ብቻ።

አያት ብድግ አሉ።

«ወዴት ነው እትዬ? እንግዳ እየመጣ እኮ ነው!»

«መጣሁ።»

ልጅቷ አጉሊ መነጽሩ ላይ አጎንብሳለች። ቅንድቧ ሳይቀር በብናኝ ነጥቷል። ከመርፌዋ አጠገብ፣ ጥቃቅን ጠብታዎች የተሰካኩባት የምትመስል የፍጥረቱ ዓይን ከድንጋዩ ወጥታ ታፈጣለች።

«ማሽኑን ለምን አጠፋሽው?»

«እማማ፣ ሲጮህ መርፌውን አልሰማም። አባባ አንዷን ዓይን አውጥቷል፤ አንዷ ድንጋዩ ውስጥ ናት። እንዲሁ ልተዋት?»

«ጭምብሉስ አገጭሽ ላይ ምን ይሠራል?»

«መነጽሩን እንፋሎት ያለብስብኛል።»

«መልስ አታጪም፣ ቁርጥ እሱን! ስታስዪ ሰማሁሽ።»

«ትን ብሎኝ ነው።»

«እሱም ብርድ ነው ነበር የሚለው!» ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «አሁን ቀብሬ መግባቴ እኮ ነው፣ ልጄ። በየትኛው ጉልበቴ ወደ መቃብሩ ልመለስ? በዝግታ ሥሪ። ዓመት ይፍጅ። ያቺ ዓይን ባሕር ሲደርቅ የጠበቀች፣ አንቺን መጠበቅ ያቅታታል?»

«ባልሰማ እኮ እሰብራታለሁ!»

«ትሰበር! እሷ ትሰበር።»

ልጅቷ አያቷን አየቻቸው። እንዲህ ሲጮኹ ሰምታቸው አታውቅም፤ በቀብሩም ዕለት። ቀስ ብላ ጭምብሉን ወደ አፍንጫዋ ሳበች።

አያት ማብሪያውን ተጫኑ። ማሽኑ ተንጎራጉሮ ቤቱን በጩኸት ሞላው። ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ብቅ ብላ አፏን ያዘች፤ በለቅሶ ቤት! ከኋላዋ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ አንድ እንግዳ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ግራ እየተጋባ ገባ።

የልጅቷ እጅ፣ ልማድ ሆኖባት ይሆናል፣ ወደ ማብሪያው ሄደ። የአያቷን ጣት አገኘና ተመለሰ።

የእንግዳው ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ከጩኸቱ የተነሳ አንዱም ቃል አልተሰማም። ከዚያ ቀኝ እጁን ዘረጋላቸው።

አያት ቀኛቸውን ከማብሪያው ሳያነሱ፣ ግራቸውን ሰጡት።