ሰውየውን አቅርቤያለሁ

አዜብ ክሬዲቷን እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትጠብቀው። በወር አንድ ጊዜ በትልቁ ሱቅ የዱቤ ካርድ አንድ ስቶኪንግ ትገዛለች፤ ሂሳቡ ሲመጣም ቀኑ ሳይደርስ ትከፍላለች። ስቶኪንግ አጥታ አይደለም፤ ግማሹ ገና ከነማሸጊያው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ይህች ልጅ ዕዳዋን በጊዜው ትከፍላለች የሚል ወረቀት እንዲኖራት ብላ ነው።

ምክንያት ነበራት። በፈረንጆቹ 1974 መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ከአዲስ አበባ ይላክላት የነበረው ገንዘብ ተቋርጧል። ለትምህርት በመጣችበት ባሕር ማዶ፣ ዌስትቼስተር በሚባል ሰፈር አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል አንሶላ እየቀየረች የምታገኘው ከቤት ኪራይ አያልፍም። ለመጨረሻው ዓመት ትምህርቷ ከባንክ መበደር አለባት። እስከ መስከረም ካልተመዘገበች ቪዛዋ ያበቃል፤ ቪዛዋ ካበቃ መመለስ ነው። ወንድሟን ከቤት የወሰዱት ሰዎች ስለ እሷም ጠይቀው እንደሄዱ እናቷ በሰው መልእክት ልካላታለች።

ይህን ሁሉ እያወቀች ነው እንግዲህ ለአበጋዝ የፈረመችው። አበጋዝ ዌስትውድ ካለው ኮሌጅ አብሯት የሚማር፣ ሳቂታና ተወዳጅ ልጅ ነው። መኪና በብድር ሊገዛ ሲል ዋስ ሁኚኝ አላት። የአገር ልጅን እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው፤ አባቷ በዕድሜያቸው ለስንቱ ዋስ ሆነዋል! ሳታነብ ፈረመች።

ሐምሌ ላይ መሠረት ወሬ ይዛ መጣች። መሠረት ፌርፋክስ አጠገብ አንድ ክፍል የምትጋራት ጓደኛዋ ናት፤ ሆስፒታል በታይፒስትነት ትሠራለች። አበጋዝ ትምህርቱን አቋርጦ ዕቃውን እየሸጠ ነው፣ የመኪናውንም የሁለት ወር ክፍያ አልከፈለም አለቻት። 

አዜብ ወዲያው አባቷ ትዝ አሏት። አንድ ጊዜ ዋስ የሆኑለት ነጋዴ ሊጠፋ መሆኑን ሲሰሙ፣ እጁን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱትና «ሰውየው ይኸው፤ ዋስትናዬን አንሱልኝ» አሉ። ስማቸው ከመዝገብ ተሰረዘ፤ እቤታቸው ገብተው ምሳቸውን በሉ። አዜብ የምታውቀው ዋስትና ይህ ነው። ሰውየውን ካቀረበ በኋላ ዋሱ ከደሙ ንጹሕ ነው።

በማግስቱ አበጋዝን ፈልጋ አብረው ወደ አበዳሪው ድርጅት እንዲሄዱ ለመነችው። ይቆጣል ብላ ስትፈራ እሱ ግን ትከሻዋን መታ አደረጋት።

«ኖ ፕሮብሌም፣ እንሂድ። እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ።»

ከኋላ ወንበር ላይ ሁለት ሻንጣ አየች። የት ልትሄድ ነው ብላ መጠየቅ ነበረባት፤ አልጠየቀችም። ፒኮ መንገድ ላይ ካለው ቢሮ ሲደርሱ ለጸሐፊዋ ሰውየው እሱ እንደሆነ፣ እንዳቀረበችው፣ ከእንግዲህ እሱን እንዲጠይቁት ነገረቻት። ጸሐፊዋ ፈገግ ብላ አበጋዝ የነገራትን አዲስ አድራሻ ጻፈች፤ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ አለች። የተሰረዘ ነገር የለም። አዜብ ግን ተገላገልኩ ብላ ወጣች።

አበጋዝ እቤቷ በር ላይ ሲያወርዳት ትንሽ አያት።

«አንቺ ጎበዝ ነሽ አዜብዬ፣ ምንም አትሆኚም» አላት።

የሚኖረው በምዕራብ በኩል ነው። መኪናው ግን ወደ ምሥራቅ ታጠፈ።

ከዚያ ከአበዳሪው ድርጅት ክፍያ የሚጠይቅ ደብዳቤ መምጣት ጀመረ። አዜብ የመጀመሪያውን ከፍታ አየችና ከግርጌው «ሰውየውን ሐምሌ 12 ቀን አቅርቤያለሁ፤ መዝገባችሁን ተመልከቱ» ብላ በእንግሊዝኛ ጽፋ መለሰችው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ሲመጣ እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ዝርክርኮች ናቸው ብላ ተበሳጨች።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ባንክ ገባች። የብድር ሹሙ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። የክሬዲት ወረቀቷን ሲያገላብጡ ስቶኪንጎቿ ሁሉ በየወሩ፣ አንድም ሳይዛነፍ ተደርድረዋል። ከሥራቸው በስሟ የተጻፈ፣ ያልተከፈለ የመኪና ዕዳ የሚል አንድ መስመር አለ። ሽማግሌው ጣታቸውን እዚያ ላይ አቆሙ።

«ሰውየውን እኮ አቅርቤያለሁ» አለች።

እስክትጨርስ በትዕግሥት ሰሟት። አባቷንና ጣቢያውን ሳይቀር ነገረቻቸው። ከዚያም በእሷ ስም ብቻ ብድሩን መስጠት እንደማይችሉ ነገሯትና ቅጹን ገፋ አደረጉላት። ዋስ የሚሆንሽ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቋት።

አውቶቡስ ላይ ተቀምጣ ቅጹን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ዋሱ ዕዳውን በሙሉ እንደ ራሱ ዕዳ ይከፍላል ይላል። ባለፈው ሳምንት ሆቴሉ ሥራዋን በሳምንት ወደ ሁለት ቀን ቀንሶባታል። እንደማትከፍል የሚያውቅ ከእሷ ሌላ ሰው የለም።

መሠረት ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ወሩን ጠብቆ ስቶኪንግ መግዛትን ያስተማረቻት አዜብ ራሷ ናት፤ መሠረትም ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም የክፍያ ቀን አላሳለፈችም። አዜብ የመጣችበትን ነገር ገና ሳትጨርስ፣ «ይሄ ምን ያስጨንቅሻል?» አለቻት፤ «የት ነው ሳይን የማደርገው?»

አንብቢው ልትላት አፏን ከፈተች። ወንድሟ ትዝ አላትና ቅጹን ገፋ አደረገችላት።

መሠረት እስኪሪብቶውን አንስታ ሳቀች። «ብትጠፊም ፈልጌ አቀርብሻለሁ።»

አዜብ የሚፈረምበትን ቦታ በጣቷ አሳየቻት።