ሀብሀብ አይስማማኝም

አይስማማኝም ትላለች፣ አንዲት ቃል ናት፣ ምን ይከብዳል፣ ከጠዋት ጀምሮ ስትለማመዳት ነው የዋለችው፣ ልብስ ስታሰጣ፣ ሽንኩርት ስትልጥ፣ አይስማማኝም፣ ይቅርታ ሐጃ ኩብራ አይስማማኝም፣ ይቅርታው ከፊት ይሁን ከኋላ? ከፊት። አይ፣ ከኋላ። አሁን ግን ምንጣፉ ተነጥፏል፣ ሳምቡሳው ተደርድሯል፣ ሐጃ ኩብራ ከሚኤሶ በጭነት መኪና ያስመጡት ሀብሀብ መሀል ላይ እንደ ሹም ተቀምጧል፣ የሀኒፋ ምላስ ደግሞ ከላንቃዋ ጋር ተጣብቋል። ጾሙ ነው። ጾሙ ብቻ አይደለም።

የአባቷ እህት አዳዳ ረዲያ ቅድም ወጥ ቤት ጎትታ አስገብታት፣ አንቺ ልጅ ዛሬ እንዳታዋርጂኝ፣ ሐጃ በእጃቸው ቆርጠው የሰጡሽን ትበያለሽ፣ ለስፌት ቤታቸው የሚፈልጉት አንድ ልጅ ብቻ ነው፣ አዳዳ እኔ እኮ፣ ዝም! ስምንተኛ ክፍል ጨርሰሽ ቤት ተቀምጠሽ ደግሞ ታማርጫለሽ? ማማረጥ። ኩራት። ዓይን በልቷት ነው ያሉም አሉ፣ ሀብሀብ ለመሸሿ ሰፈሩ ሁሉ ስም አውጥቶለታል።

ስፌት ቤቱ። አራት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በመስኮቱ አይታዋለች፣ የማሽኑ መርፌ ስትወርድ ስትወጣ፣ ጨርቁ ከዚያ በኩል ቀሚስ ሆኖ ሲወጣ፣ ግቢ ብሎ የጠራት የለም፣ እሷም ልግባ አላለችም፣ እንዴት ብላ ትበል።

ባለፈው ረመዳን ነው የባሰባት፣ ሁለት ቁራጭ ሀብሀብ፣ ከንፈሯ አበጠ፣ ጆሮዋ ውስጥ ድረስ አሳከካት፣ ጉሮሮዋ ጠበበ፣ አየሩ እንደ ክር ቀጠነ፣ አዳዳ ደግሞ ጀርባዋን እየደበደበች ብዪ ትለምጂዋለሽ። ትለምጂዋለሽ! በማግስቱ ጤና ጣቢያ፣ ጤና መኮንኑ ዘይኑዲን፣ መቼ ነው የሚብስብሽ? ክረምት ሲገባ። ያስነጥስሻል? አዎ፣ ግቢ ስጠርግ። በምን ነው የምትጠርጊው? ሳቋ መጣ፣ በፈረምሲሳ ነዋ፣ ማሳውንም መንገዱንም የወረሰው ባለ ነጭ አበባ አረም፣ እዚህ ሰፈር እርጥቡን ከነአበባው አስሮ መጥረጊያ የማያደርግ ማን አለ፣ እንግዳ የሚመጣ ቀንማ ሁለቴ ይጠረጋል፣ ከዚያ ሀብሀቡ ይቆረጣል። ዘይኑዲን አልሳቀም። በአበባው ብናኝ ውስጥ ያለው ፕሮቲንና በሀብሀቡ ውስጥ ያለው ይመሳሰላሉ አላት፣ ሰውነትሽ ብናኙን ጠላት ብሎ መዝግቦታል፣ ሀብሀቡን ሲያይ ያው ሌባ ተመልሶ መጣ ብሎ ይጮኻል፣ ሙዝም ሊሆን ይችላል። ሙዝም! ለማንም ነግራው የማታውቀው ሙዝ! እብድ አይደለችም፣ ኩሩ አይደለችም፣ አለርጂ ነው፣ ሁለተኛ አትቅመሺው አላት፣ ጉሮሮ ነው፣ መልመድ የሚባል ነገር የለም።

አዛን። ቢስሚላህ። ቴምር፣ ውሃ፣ ውሃው እስከ እግር ጣቷ ይወርዳል፣ ቢላዋው ሀብሀቡን ሲሰነጥቀው ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፣ ሐጃ ኩብራ መሀሉን፣ ቀዩን፣ ትልቁን ያነሳሉ፣ ነይ ያ ኢንተላ፣ ነይ ልጄ፣ ይሄ ያንቺ ነው። እጇ ተዘረጋ? ተዘርግቷል፣ ሁለቱም፣ የታላቅ እጅ አይመለስማ፣ ጭማቂው በመዳፏ አልፎ ወደ ክርኗ ይንቆረቆራል፣ አዳዳ በዓይኗ ዋጪው ትላለች፣ ትንሽ ብትነክስስ፣ አንዴ ብቻ፣ ማሽኑ እኮ፣ አየሩስ፣ ያለ አየር ማን ማሽን ላይ ይቀመጣል፣

ሐጃ፣ አይስማማኝም።

ወጣ። የማን ድምፅ ነው ይሄ ወፍራሙ?

ምን አልሽ?

አለርጂ አለብኝ ሐጃ፣ የፈረምሲሳ አበባና ሀብሀብ ለኔ ሰውነት አንድ ናቸው፣ ጉሮሮዬን ይዘጋኛል፣ ይቅርታ፣ ያመጡልን ግን ያማረ ነው። ይቅርታው መሀል ገባ! ቁራጩን ሳህኑ ላይ ትመልሰዋለች፣ ክርኗን በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች።

ወይኔ ሐጃ፣ ልጅ ናት፣ አፍራ ነው ትላለች ረዲያ፣ ሐጃ ኩብራ በቢላዋው ጫፍ ያስቆሟታል። ተያት አቦ። ሀኒፋን ከሻሿ እስከ እግሯ ያይዋታል፣ ጨርቅ እንደሚለካ ሰው። ከስፌት ቤቴ ያባረርኳት ልጅ ምን ታደርገኝ ነበር መሰለሽ? ደንበኛ ሁለት ሜትር ጨርቅ ይዛ ቀሚስ ከነሻሹ ስትል፣ እሺ ትላለች፣ ለነገ ይደርሳል ወይ ስትል፣ እሺ፣ ጨርቁ ከተቆረጠ በኋላ ጩኸቱ በኔ ላይ። ዋላሂ፣ ያጣሁት እጅ አይደለም፣ አይበቃም የሚል አፍ ነው፣ ከዒድ ማግስት ነይ።

ነይ አሏት? ነይ ነው ያሉት። አዳዳ አፏን ከፍታ ቀርታለች፣ ሳምቡሳው በእጇ፣ አልሐምዱሊላህ እያለች ትስቃለች ደግሞ፣ እሷ የመከረች ይመስል። ትሳቅ። ሀኒፋ ትተነፍሳለች፣ በሰፊው፣ አየሩ እንደ ክር አይደለም፣ እንደ ጣቃ ነው፣ ተተርትሮ አያልቅም፣ ምላሷም ተፈቷል፣ ሌላ ቃል አለው፣ ወይ ጉድ፣ ሌላ ቃል።

ሐጃ፣ ትላለች፣ ሁሉም ይዞራሉ፣ ይዙሩ፣ ማሽኑ የእግር ነው ወይስ የኤሌክትሪክ?