ከባዘኑ ነፍሳት ወር በፊት

ያን ዓመት ስድስተኛው የጨረቃ ወር ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሰባተኛው በአንድ ወር ዘገየ። በየጥቂት ዓመቱ እንዲህ ያደርጋል፤ ማንም አይገረምም። ኩዬን ግን የቁልፍ ማስረከቢያ ዕቅዷን ስታወጣ ያለፈውን ዓመት ሰሌዳ ተከትላ ነበር።

ኩዬን ሳይጎን ውስጥ አፓርታማ ሠርቶ የሚሸጥ ኩባንያ የፋይናንስ ኃላፊ ናት። እኔ ሾፌሯ ነኝ። ስህተቱን ያወቀችው መኪና ውስጥ ነው። የኩባንያው ባለቤት አቶ ካንግ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ስልኳን አየች፣ ደግማ አየች፣ ከዚያ ጭኗ ላይ ደፋችው።

«ሰባተኛው ወር የሚገባው በሚቀጥለው ሳምንት ነው» አለች።

«እና?»

«ወሩ እስከ ባንኩ ቀን ያልቃል ብዬ ነበር። የባንኩ ቀን ወሩ መሃል ላይ ወደቀ።»

በሰባተኛው ወር የባዘኑ ነፍሳት ይለቀቃሉ። በዚያ ወር አዲስ ቤት የሚገባ፣ ትልቅ ዕቃ የሚገዛ ሰው የለም። ባንኩ ደግሞ ከገዢዎቹ ግማሹ በቀኑ ቁልፍ ካልተረከበ ለሁለተኛው ሕንፃ የሚሰጠውን ብድር አይለቅም። ብድሩ ከቀረ ግንባታው ይቆማል።

አቶ ካንግ ሳቀ። «ወር መቁጠር ያስተማረችሽ እናትሽ ይህን ብትሰማ ምን ትላለች?»

«ትስቅብኛለች።»

«ቀላል ነው። ተረክበዋል ብለሽ ፈርሚ። ወሩ ሲያልቅ መረከባቸው አይቀርም። ባንክ የሚያየው ወረቀት ነው።»

«የሚያየው የኔን ፊርማ ነው፣ አቶ ካንግ።»

«እንግዲያው የሚፈርም እፈልጋለሁ። የወንድሜ ልጅ ሥራ ፈትቶ ቤት ተቀምጧል።»

እንደ ቀልድ ነው ያለው፤ ግን ቀልድ አልነበረም። ቢሮው ደጅ ወረደ። እሷ አልወረደችም። ዓይኗን በመዳፏ ጫን አድርጋ ቆየች። ዘንድሮ ይህን ማድረግ አብዝታለች።

«አጎቴ» አለችኝ፤ በዕድሜ ስለምበልጣት እንዲህ ነው የምትጠራኝ። «እማማ ሃው ጋ ይውሰዱኝ።»

እማማ ሃው ገበያው ጥግ የኑድል ሾርባ ትሸጣለች። አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ቤት ገዝታለች። የገዢዎቹ ሁሉ አፍ እሷ ናት፤ እሷ ያልተቀበለችውን ሌላው አይቀበልም።

መውጫው አንድ ነበር። እኛ ዘንድ ቀን መያዝ የሚባል ነገር አለ። ክፉው ወር ሳይገባ፣ በመልካም ቀን፣ እሳቱ የተያያዘ ማንደጃ፣ ሩዝና ውሃ ይዘህ ቤትህ ትገባለህ። ውሃ ታፈላለህ፣ አንድ ሌሊት ታድራለህ። ቤቱ ተገባ ማለት ነው። ዕቃህን ሲመችህ ታመጣለህ። ኩዬን ሰዎቹ እንዲህ አድርገው ቁልፉን አሁኑኑ እንዲረከቡ ልትለምን ነው የሄደችው።

«ቀለሙ አልደረቀም አሉ» አለች እማማ ሃው፣ ሾርባውን እያማሰለች።

«አልደረቀም።»

«የመተላለፊያው መብራትስ?»

«ግማሹ ይበራል።»

«ሌላ ቢሆን ይዋሸኝ ነበር።»

«ለመዋሸትም ጉልበት ያስፈልጋል፣ እማማ። የለኝም።»

እማማ ሃው አየቻት። ጎድጓዳ ሳህን ሞልታ ፊቷ አስቀመጠች። «መጀመሪያ ብዪ። ፊትሽ ደም የለውም። የባዘነ ነፍስ መጣ ብለው ደንበኞቼ ይሸሻሉ።» ለኔም ቀዳችልኝ። በልተን ስንጨርስ «እሁድ ቀኑ መልካም ነው» አለች። «እነግራቸዋለሁ።»

እሁድ ኩዬን ቁልፎቹን በየፎቁ ለይታ፣ ጠረጴዛና ውሃ አዘጋጅታ ጠበቀች። ሰው መጣ፤ ካሰበችው በላይ መጣ። ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣ። መልካሙ የዘንዶ ሰዓት ነው፤ ከጠዋቱ አንድ እስከ ሦስት። ምድር ቤቱ በከሰል ጭስ ተሞላ። ዘበኛው ሊፍቱ በር ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«እሳት ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

«እሳት የሌለው ማንደጃ ምን ያደርግልኛል?» አለው አንድ ሰውዬ። «ሚስቴም እሳት ናት፤ አብርደህ አግባት ትለኛለህ?»

ሰው ሳቀ። ዘበኛው ግን ልክ ነበር። ሽማግሌዎቹ በሊፍት፣ እሳቱ በደረጃ እንዲወጣ ተስማሙ። የቤቱ ባለቤት ደጁ ላይ ተቀብሎ እሳቱን ራሱ ያስገባል። ልጅ ያለው ማንደጃውን ለልጁ ሰጠ። እማማ ሃው ልጅ የላትም፤ ጉልበቷም ታማሚ ነው። ማንደጃዋን ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

ኩዬን ጠረጴዛውን ለጸሐፊዋ ትታ ማንደጃውን ተቀበለች። ውሃ ይዤ ተከተልኳት። ሰባተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ልያዘው» አልኳት።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ለሦስት ሩብ ጉዳይ።»

«ቀኑን አሰብኩ። ሰዓቱን አላሰብኩም» አለች። «እንደሱ እኮ ነው ሁልጊዜ፣ አጎቴ። አንዱን ስትይዘው ሌላው ያመልጥሃል።»

ማንደጃውን አልሰጠችኝም። አሥራ አንደኛው ስንደርስ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። እማማ ሃው ደጇ ላይ ቆማ ስልኳን አየች፣ መልሳ ኪሷ ከተተችው።

«ነፍሳቱ ሰዓት አያስሩም» አለች። «አምጪው።»

እሳቱን አስገባች። ከዚያ መረከቧን ፈረመች።

ሌሎች ግን ሰዓቱ እንዳለፈ ሲያዩ እሳታቸውን አጥፍተው ተመለሱ። ሲቆጠር ከግማሹ ጥቂት ቤቶች ጎደሉ። አቶ ካንግ ግማሹ ተረክበዋል የሚል ወረቀት አዘጋጅቶ ምድር ቤት መጣ።

«ለጥቂት ነው የቀረው» አላት። «አሁንማ ውሸት አይባልም።»

«ምን ይባላል ታዲያ?»

እዚያው እሱ ፊት ለባንኩ ኃላፊ ደወለች። የተረከቡትን ቁጥር እንዳለ ነገረችው። ሰውዬው ረጅም አወራ። እሷ «ገባኝ» ብቻ ትል ነበር።

«የብድሩን ሩብ አሁን ይለቃል» አለች ስልኩን ስትዘጋ። «ቀሪውን የሚሰጠው ከገዢዎቹ ግማሹ ሲረከብ ነው። እስከዚያ ግንባታው እንዳይቆም ከራስዎ ማውጣት አለብዎት። ካልተስማሙ የወንድምዎ ልጅ ነገ ይምጣ። ሥራውን አስረክበዋለሁ።»

አቶ ካንግ ወረቀቱን አጠፈ። የወንድሙ ልጅ ከባንክ ጋር አውርቶ እንደማያውቅ ያውቃል። «ከየት ነው የማወጣው?» አለ በመጨረሻ።

«ከመኪኖችዎ እንጀምር።»

መኪና ውስጥ ገባች። እጇ ጥቀርሻ ነበር፤ አልጠረገችውም።

«ይህም መኪና ይሸጣል፣ አጎቴ። ያዝናለሁ።»

«መቼ?»

«ቶሎ ነው የሚሻለው። በዚህ ሳምንት።»

«ወሩ ሊገባ ነው። ገዢ ከየት ይመጣል?»

«እሱንም አላሰብኩም» አለች። «እንግዲህ እስከዚያ ይንዱ።»

እሁድ ስለሆነ ወደ ቤቷ በኩል አዞርኩ። ወደ ቢሮ ይሁን አለችኝ።