የአምኃ መልክ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ወለተሥላሴን ጉዱ ያገኛት ግን መስከረም ከጠባ በኋላ፣ በአንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ባለው ቤቷ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ የደከሙ ጣቶቿን በቫዝሊን ስታሽ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሱቅ ዐረቢ ከሚሉት ገበያ አጠገብ ባለች ጠባብ ፀጉር ቤት የሱዳን ሙሽሮችን ፀጉር ስትጎነጉን ትውላለችና የዕረፍት ቀኗን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። ለወሬ አትቸኩልም፣ ለሳቅም አትቸኩልም፤ ስትቆጣ ግን የጎረቤት ፍየል ሳይቀር ዝም ይላል።

ልጇ ዮሳቤጥ ደግሞ ሌላ ናት። ካርቱም ተወልዳ ካርቱም ያደገች፣ አማርኛዋ በዐረብኛ የተለወሰ፣ እናቷን እንደ አገሩ ልጆች «ዩማ» እያለች የምትጠራ፣ ስልክ ከእጇ የማይወርድ ልጅ። ክረምቱን ኔት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ቤቱን በኩርፊያ ሞልታው ነበር። ከተመለሰ ወዲህ ያመለጣትን ሁሉ በአንድ ቀን ልትውጠው ነው። አሁን የያዛት አባዜ ፊትን በቪዲዮ እያነሳ የሚለውጥ አፕ ነው፤ የውሻ ጆሮ ይቀጥላል፣ ያስረጃል፣ ሕፃን ያደርጋል፣ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርጋል።

«ዩማ፣ ያላ፣ እዪኝ፤ ወንድ ብሆን እንዲህ ነኝ» አለች እናቷ ጎን ዘፍ ብላ።

«ወንድ ብትሆኚማ ኖሮ ይኼኔ ሥራ ትፈልጊ ነበር።»

ልጅቷ ስቃ ስልኩን ከፊቷ ትይዩ ያዘች። ከስልኩ መስተዋት ላይ አንድ ጎረምሳ ብቅ አለ፤ ፂሙ ጥቁር፣ መንጋጋው ሰፊ። ዮሳቤጥ ዓይኗን ስታርገበግብ አርገበገበ፤ ምላሷን ስታወጣ ምላሱን አወጣ። የወለተሥላሴ እጅ ቫዝሊኑ ላይ እንዳለ ቀረ። ስልክ ብርቋ አይደለም፣ የራሷ አላት። ነገር ግን ከማህፀኗ የወጣች ልጅ እጎኗ ተቀምጣ ሌላ ሰው ስትሆን አይታ አታውቅም። አማተበች።

«አባቴን እመስላለሁ አይደል?» አለች ዮሳቤጥ። በቀልድ ነበር የጀመረችው፤ ቀልዱ ግን ከድምፅዋ ላይ ጠፋ። «ሁልጊዜ ቁርጥ አባትሽን ነሽ ትይኛለሽ። ወላሂ ንገሪኝ፣ ይኼ እሱ ነው?»

እዚህ ላይ ወለተሥላሴ ለማንም፣ ለንስሐ አባቷ እንኳ ያልተናገረችው ነገር አለ። የባሏን መልክ ረስታዋለች።

አምኃ ከኦምዱርማን በጭነት መኪና፣ በሰሃራ አድርጎ ወደ ሊቢያ የሄደው ዮሳቤጥ በሆዷ ሳለች ነው። ሥራ ሲይዝ ሊወስዳት ነበር። ወረቀት የሌለው ስደተኛ ስለነበረ መልኩ በየትም ቢሮ አልቀረም። የነበረቻቸውን አንዲት የሰርግ ፎቶ ደግሞ እሷው ናት በረሃው እንዳያስረሳህ ብላ ኪሱ ውስጥ የከተተችለት። የሚረሳው እሱ መስሏት! ከዚያ በኋላ ትሪፖሊ አየሁት ያለም ነበር፣ መኪናው አሸዋ ውስጥ ቀረ ያለም ነበር፤ በእጄ ቀበርኩት ያለ ግን አልመጣም። መርዶው ያልተነገረ ሰው ደግሞ አይለቀስለትም። ስለዚህ ጥቁር ሳትለብስ፣ ሌላ ባልም ሳታገባ፣ ለጸሎት ስሙን ስትሰጥ ቄሱ «ከሕያዋን ነው ከሙታን?» ሲሏት «ከሕያዋን» እያለች ኖረች። በኖረች ቁጥር ግን ከሰውየው አንድ ነገር ይቀነስባት ጀመር። መጀመሪያ ድምፁ ሄደ፣ ቀጥሎ ዓይኑ፣ ሲውል ሲያድር ስሙ ብቻ ቀረ። ልጇን «ቁርጥ አባትሽን» የምትላት ልጅቷ ባዶዋን እንዳትቀር ብላ ነው እንጂ አስተያይታ አይደለም።

እና አሁን ተጠየቀች። አዎ ብትል ልጅቷ ይህን የማንም ያልሆነ ፊት አባቴ ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው ልትኖር ነው። አይደለም ብትል ደግሞ ታዲያ እንዴት ያለ ነበር መባሉ አይቀርም። ወደ ስልኩ ተጠጋች። አዎ ልትል ነበር፣ ቆርጣለች።

«አይደለም» የሚል ቃል ከአፏ ወጣ። «የእሱ መንጋጋ እንዲህ የበሬ መንጋጋ አይደለም። ቀጭን ነው።»

ተናግራ ራሷ ደነገጠች። ቀጭን መሆኑን ማን ነገራት?

ዮሳቤጥ አፑ ላይ መልክ ማስተካከያውን ከፈተች። ከመስተዋቱ ላይ አንዲት መስመር በጣቷ ሳበች፤ የሰውየው መንጋጋ እያዩት ቀጠነ።

«ፂሙስ?»

«የምን ፂም አመጣሽ። አገጩ ላይ ጥቂት ብቻ ነች። ጉንጩ ላይ እንዲበቅልለት በምላጭ እየፋቀ ሲለማመጠው ነበር የሚውለው፤ ምን ቢለምነው እንቢ።»

ፂሙ ከጉንጩ ረገፈ። ወለተሥላሴ ቫዝሊኑን አስቀምጣ ተነሳች። ግንባሩን አስፊው፣ የላይኛውን ከንፈር አሳሺው፣ ቅንድቡን እንዳትነኪ፣ ቅንድቡ ያንቺው ነው እያለች ታዝ ጀመር። እንዲህ አይደለም ባለች ቁጥር እንዴት እንደነበር ይመጣላታል። ሐሰተኛው ፊት እውነተኛውን እየጎተተ ያወጣላት ነበር። ስትጸልይ፣ ዓይኗን ጨፍና ስታስብ፣ ስታለቅስ ያጣችውን ነገር እግዚአብሔር በልጆች መጫወቻ ይልክልኛል ብላ በሕልሟም አላሰበች።

«ፈገግ በይ እስቲ» አለች። «በሙሉ አፍሽ አይደለም። በግራ በኩል ብቻ።»

ዮሳቤጥ በግራ በኩል ብቻ ፈገግ አለች። አምኃ ፈገግ አለ።

ወለተሥላሴ አልጋው ላይ ተቀመጠች። እሱ ነው። ራሱ ነው። አልጠፋም ነበር ለካ፤ ስታጎርሰው፣ ስታጥበው፣ ስትቆጣው በኖረችው የልጇ ፊት ሥር ተቀምጦ ነበር። ዓይኑን ያርገበግባል፣ ይተነፍሳል። እንዲህ ያለ ነገር ከሰማይ በታች አለ ቢሏት ቀጣፊ ትላቸው ነበር። የተሰማት ፍርሃትም ነው፣ ደስታም ነው፣ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ የሚይዛት ዓይነት ነገር ነው። ልትነካው እጇን ዘረጋችና ጣቷ ቅባት መሆኑን ስታይ መልሳ በቀሚሷ ጠረገችው።

«እንዴት ዋልክ» አለችው በቀስታ።

አምኃ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣት። ዮሳቤጥ ናት ያደረገችው፤ ግን እሷም እንባዋ እየወረደ ነው። አባቷን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

«ዩማ፣ አሁን የሚያስረጀውን ልጫነው?» አለች ልጅቷ አፍንጫዋን ጠርጋ። «አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል አይደል? ኢንሻላህ የመጣ ቀን በመንገድ ብናገኘው እንድናውቀው።»

ወለተሥላሴ ሰውየውን አየችው። ጉንጩ ገና የልጅ ጉንጭ ነው። እሷ ሸብታለች፣ ወገቧን ያማታል፤ እሱን ከልጁ የሚለየው ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። ሽበቱን በሐሳቧ ልትቀባው ሞከረች። መንጋጋውን የነገራት፣ ፂሙን የነገራት ልቧ እዚህ ላይ ሲደርስ ጸጥ አለ። ደጋግማ ሞከረች፣ ምንም የለም። አምኃ ከዚህ ዕድሜ አላለፈም።

«አትጫኚው» አለች። «እንዲሁ እንዳለ አስቀምጪልኝ።»

«ለምን ዩማ?»

ወለተሥላሴ ቪዲዮው መቀመጡን አይታ ስልኩን ከልጇ እጅ ወሰደችና ከራስጌ አኖረችው። ነጠላዋን አንስታ ዮሳቤጥን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። ከዚያ በሩን ከፍታ ጎረቤቷን ለተብርሃንን ጠራችና ነይ፣ ልጄን ያዢልኝ አለቻት። ለተብርሃን ሊጥ በእጇ እንዳለ መጣች፤ ነገሩ ባይገባትም የወለተሥላሴን ፊት አይታ ምንም ሳትጠይቅ ልጅቷን አቅፋ ተቀመጠች። መርዶ ሲነገር ደጋፊ ሰው አጠገብ ይደረጋል። ወለተሥላሴ ይህን ሁሉ ዘመን ሰዎች መጥተው እንዲህ ከበው እንዲነግሯት ስትጠብቅ ኖራለች።

ከልጇ ፊት በርከክ ብላ ሁለት እጆቿን ያዘች።

«በርቺ ልጄ» አለቻት። «አባትሽ አርፏል።»