የሐዲዱ ጭራ

ሃርላን ዛሬ ከኋላ ነው። እሱና ላይል ጡረታ ከወጡ ወዲህ የኦሪገንን ጫካ ሲያስሱ እሱ ይመራል፣ ላይል ይከተላል፤ ሳይነጋገሩበት የጸና ሥርዓት ነበር። ዛሬ ግን ፊት ፊት የሚሄደው ኮርቢን ነው፤ ላይል ከቤተ ክርስቲያን ያመጣው አዲስ ሰው። ላይልም እግር በእግር እየተከተለ በቀልዱ ሁሉ ይስቃል። ሃርላን እስከ ዛሬ ያ ሳቅ ለእሱ ብቻ የተሰጠ ይመስለው ነበር።

የሚፈልጉት አንድ የግንድ ቆራጮች ኩባንያ ሲዘጋ ተራራው ላይ ጥሎት ሄደ የሚባለውን የእንፋሎት ባቡር ነው። ሐዲዱ ከተነቀለ ዘመን አልፏል። የቀረው ዝናብ ያበሰበሰው የእንጨት ርብራብና ሐዲዱ ያረፈበት፣ ጫካውን ሰንጥቆ የሚያልፍ ጠባብ ድልዳል ነው።

“ሃርላን፣ አለህ ወይስ ድብ በላህ?” አለ ኮርቢን ሳይዞር።

“ድብ የሚመርጠው ወሬኛ ነው።”

ላይል ሳቀ፤ የሳቀው ግን ኮርቢንን እያየ ነው።

ዳገቱ ሲጠና ድልዳሉ ለሁለት ተከፈለ። እንዲህ ባለ ቦታ ባቡር መታጠፍ ስለማይችል ቀጥ ብሎ ያልፍና ይቆማል፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየሄደ ሌላውን መስመር ይወጣል። ቀጥታው መስመር ጭራ ይባላል፤ ትንሽ ሄዶ ያበቃል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሃርላን ወደ ላይ የሚወጣውን መስመር ከቅጠሉ ሥር ለይቶ አየው። ላይል ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል።

“ቀጥታ ነው አይደል?” አለ ኮርቢን።

“መሪው አንተ አይደለህ እንዴ?”

ኮርቢን እሾሁን እየገፋ ገባ። ላይል ቀና ብሎ መንታ መንገዱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

“ይሄ እኮ ጭራ ነው። አላየኸውም?”

“እሾሁ ትንሽ ቢያስተምረው ምን አለበት?”

“ሰውዬው ምን አደረገህ፣ ሃርላን?”

ሃርላን መልስ ነበረው፤ በዚህ ዕድሜ ከአፍ የሚወጣ ግን አልነበረም።

“እስቲ ኑ” አለ ኮርቢን ከጥሻው ውስጥ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጭራው ባለቀበት፣ በመንኮራኩሮቹ መሃል ዛፍ በቅሎበት፣ ባቡሩ ቆሟል። ሃርላን እስከ ዛሬ “ጭራ ላይ ምን ይገኛል” እያለ ጀርባውን ሰጥቶ ሲያልፍ ኖሯል።

የኮርቢን ጉንጭ በእሾህ ተጭሮ ይደማል። ወደ ሃርላን ዞረ። “ላይል ነግሮኛል፤ ሃርላን ይሄን መሬት እንደ መዳፉ ያውቀዋል ብሎ። ባቡሩን እኔ እንዳገኘው አውቀህ ነው የለቀቅክልኝ አይደል? ወንድም እንኳ እንዲህ አያደርግም።”

ላይል ሃርላንን አየው። አዎ ለማለት ራስን መነቅነቅ ብቻ ይበቃ ነበር።

“አይደለም” አለ ሃርላን። “መንገድ እንድትስት ነው የላክሁህ።”

ኮርቢን ሆዱን ይዞ ሳቀ። “ላይል፣ ቀልደኛ መሆኑን ለምን ደበቅከኝ?”

ላይል አልሳቀም። መሐረቡን አውጥቶ የኮርቢንን ጉንጭ ይጠርግ ጀመር።

ሃርላን ዞሮ በባቡሩ ማዶ ቆመ። ስንት ዘመን የፈለገው ብረት ከመዳፉ ሥር ነበር፤ ጆሮው ግን ወዲያ ያሉት ሁለቱ የሚያወሩትን ለመስማት ይጥር ነበር።