ቢጫው እጅጌ

"ስፊው! አሁኑኑ!"

የሹራብ ሠሪዋ ታናሽ ወንድም ሹራቡን ፊቷ ላይ ወረወረው። እሷም አንስታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ቀኝ እጅጌው ላይ የአፍ ስፋት ያለው ቀዳዳ ተከፍቷል፤ ዙሪያው በደም ርሷል። ወንድሟ በካናቴራ ብቻ ባልዲው ላይ አጎንብሶ ክንዱን ያጥባል።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ውሻ ነከሰኝ፣ እታለም።"

"የማን ውሻ?"

"ውሻ መታወቂያ ይዞ ይነክሳል እንዴ? ስፊ አልኩሽ!"

ክንዱን ሰረቅ አድርጋ አየችው። የጥርሱ ምልክት አጭርና ክብ ነው። እናታቸው ሞታ እሷ ስታዝለው፣ እሱ ጥርስ ሲያበቅል ትከሻዋ ላይ ይተውላት የነበረው ዓይነት። ውሻ እንደዚያ አይነክስም።

ሹራቡን የሠራችለት በትርፍራፊ ክር ነበር። ሰው ካዘዛት ሥራ የሚተርፈውን ሁሉ ጆንያ ውስጥ ታጠራቅማለች። ደረቱ ከአስተማሪዋ ሻርፕ የተረፈው ግራጫ ነው፤ ወገቡ ከዘበኛው ኮፍያ የተረፈው ቡናማ። የእጅጌው ቢጫ ደግሞ ከጎረቤታቸው ከጫማ ሰፊው ልጅ ብርድ ልብስ የተረፈ ነው። ወንድሟ "ሁለተኛ የለውም" እያለ ሲኮራበት ኖሯል።

እሱ ጎማ ጠጋኝ ነው። ጫማ ሰፊው ሳጥኑን እሱ ወደሚሠራበት ማዕዘን ካዛወረ ወዲህ ሳምንቱን ሙሉ ሲነታረኩ ሰንብተዋል።

"ከጫማ ሰፊው ጋር ተጣላችሁ?" አለችው።

ዘሎ ፀጉሯን ጨመደደና ፊቷን ጠረጴዛው ላይ ደፈቀው። ክር ላይ ተሰክቶ ቆሞ የነበረው የሹራብ መርፌ ዓይኗን ለጥቂት ሳተው።

"ማንም ቢጠይቅሽ ጠዋቱን እዚህ ነበርኩ። ዝም አይነቅዝም።"

"እኔ እኮ ነኝ ያሳደግኩህ።"

"እንግዲያው አሳድገሽ አትጣይኝ!"

ለቀቃት። ከአፍንጫዋ የወረደውን ደም በመዳፏ ጠርጋ ከጆንያው ውስጥ ቢጫውን ክር ፈለገች። ሎሚ የምታህል ድብልብል ቀርታለች፤ ለቀዳዳው ልክ ትበቃለች። ያመለጡትን የክር ቀለበቶች አንድ በአንድ እየለቀመች መስፋት ጀመረች። እጇ ሥራውን ያውቃል። ቀዳዳው ጠቦ ጠቦ ሊዘጋ ጣት የማታስገባ ክፍተት ሲቀረው በሩ ተንኳኳ።

ወንድሟ የጎማ መፍቻውን ብረት አንስቶ አልጋውን ከጋረደው መጋረጃ ጀርባ ገብቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። እሷም ሹራቡን ቀሚሷ ስር ሸጎጠችው።

የጫማ ሰፊው ሚስት ናት። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ደም ነው።

"ባሌን ገደሉብኝ፣ እትዬ!"

"ሞተ?"

"ይተነፍሳል። መንጋጋውን በብረት አድቅቀውታል፤ አንድ ዓይኑ ፈሷል። ይተርፍ እንደሆነ ሐኪሙም አላወቀም።"

"ያየ ሰው የለም?"

"ያየውም አላየሁም ይላል። ሰው ፈራ።" መዳፏን ዘረጋች። በደም የደረቀ ቢጫ ክር አለበት። "ይሄን ሐኪሙ ከጥርሱ መሐል መዞ አወጣው። ነክሶ ይዞት ነበር። የልጄን ብርድ ልብስ መሰለኝና ሮጬ ሄጄ አየሁት፣ ብርድ ልብሱ ደህና ነው። አንቺ ክር ታውቂያለሽ፣ እትዬ። የማን ልብስ ነው?"

ገበያው በቢጫ ክር የተሞላ ነው የሚለው መልስ ምላሷ ላይ ነበር። ሴትየዋም ታምናት ነበር። ግን ክሩ ጫፍ ላይ ትርፍራፊ ስትቀጥል የምትቋጥራት ትንሽ ድርብ ቋጠሮ አለች። የራሷ ቋጠሮ ናት።

"አፍንጫሽ ይደማል እኮ፣" አለች ሴትየዋ ድንገት።

ሹራብ ሠሪዋ ሹራቡን ከቀሚሷ ስር አወጣችና የሰፋችበትን ክር ጫፍ ይዛ ሳበችው። ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። ቀዳዳው እንደገና አፉን ከፈተ።

የሴትየዋ ዓይን ሹራቡ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው ተንቋቋ።

"በሩን ወለል አድርገሽ ክፈቺውና ውጪ፣ ልጄ" አለች ሹራብ ሠሪዋ። ሹራቡን ሴትየዋ እጅ ላይ አስቀመጠችና ራሷ ተነስታ መጋረጃው ፊት ቆመች።