ጥርት ብሎ የሚሰማ መስመር

ልጄ ኒል «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ ወደ ምዕራብ ካናዳ፣ ወደ አልበርታ ከሄደ ስድስት ዓመት ሆነው። በእኛ በኬፕ ብሬተን፣ በካናዳ ምሥራቅ ዳር ባለችው ደሴት፣ ይህ ወሬ አይባልም። ከዚህች ትንሽ ወደብ ብቻ ዘጠኝ ወጣት እዚያ ነዳጅ ዘይት ከአሸዋ ሲያጣራ ይውላል፤ ሁሉም የሄዱት ሁለት ዓመት ብለው ነው። የእኔ ልጅ ሁለት ዓመት ከሌላው ሰው ልጅ ሁለት ዓመት የተለየ መስሎኝ ነበር።

እስኪመለስ ሁለት ነገር አስቀምጬለት ነበር፤ ጀልባዬንና ድንጋዩን። ድንጋዩ ከቤቴ ፊት ለፊት ከውሃው በታች የተኛ ሰፊ ቋጥኝ ነው። ሎብስተር፣ ያ ባለ ትልቅ መቆንጠጫው የባሕር እንስሳ፣ እንደዚያ የሚወደው ቦታ በዚህ ዳርቻ የለም። በመንግሥት ሕግ ባሕሩ የማንም አይደለም። በእኛ ሕግ ግን ድንጋዩ የማክአይዛክ ነው፤ አያቴ ወጥመድ ጣለበት፣ አባቴ ጣለበት፣ እኔ ሄክተርም እጥልበታለሁ። ሌላ ሰው ከጣለበት መጀመሪያ ገመዱ ላይ ቋጠሮ ታስርለታለህ፤ «አይቼሃለሁ» ማለት ነው። ከደገመ ገመዱን ትቆርጥበታለህ። ማንም ሳይነካው አንድ ወቅት ሙሉ ካጠመደ ግን ቦታው የእሱ ሆነ ማለት ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጎረቤቴ ሮሪ ጣለበት። ቋጠርኩለት። ደገመ። ቆረጥኩበት፤ አርባ ወጥመድ ባሕር ውስጥ ቀረበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥራችን አንድ ሆኖ ሰላምታ የለንም።

ካቻምና ለገና ሲመጣ ኒል አንድ የጌም ማሽን ይዞልኝ መጣ። ስልክ ላይ እንደማልረባ ያውቃል። «ደህና ነህ?» «ደህና።» «ነፋሱስ?» «አለ።» ከዚያ ወዲያ ስልኩን ለእናቱ ለፍሎራ ነው የማቀብላት።

«አባዬ፣ ሆኪ እንጫወታለን» አለኝ። «እኔና አንተ በአንድ ቡድን። እሁድ እሁድ፣ በእናንተ ዐሥር ሰዓት፣ በእኔ ሰባት ሰዓት።»

«በስድሳ ሦስት ዓመቴ?»

«ሜዳው ላይ ዕድሜህ አይጻፍም፤ አትፍራ።»

ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ የቱን ስጫን ተጫዋቹ እንደሚሮጥ፣ የቱን ስጫን ኳሷን እንደሚያቀብል አሳየኝ። የምናወራበትን ማይክሮፎንና ስክሪኑ ላይ ከስሜ አጠገብ ያለችውን ትንሽ መብራትም አሳየኝ። «ቀይ ከሆነች ኔትወርኩ ሞቷል። ቢጫ ከሆነች እያቃሰተ ነው። አረንጓዴ ከሆነች ግን በመስመሩ ማሳበብ የለም፤ ጎል ከገባብህ ጥፋቱ የራስህ ነው» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፤ በዚያ ጌም ላይ ከልጄ ጋር ያወራሁትን ያህል በሕይወቴ አውርቼ አላውቅም። ጀልባ ላይ ሁለት ሰዎች ሲሠሩ ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ ሁለቱም የሚያዩት ገመዱን ነው፤ ያኔ አፍ ይፈታል። ጌሙም እንደዚያ ሆነልን። ኳሷን እያሳደደ ስለ አለቃው ክፋት፣ ስለ ካምፑ ሾርባ፣ አንዴም ስለ አንዲት ሴት ነገረኝ። እኔም የጀልባዋ ሞተር እንደሚያስል፣ የግራ ትከሻዬ እንደማይነሣልኝ ነገርኩት። ለፍሎራ እንኳ ያልነገርኩትን።

ከዚያ መስመሩ ያስቸግረን ጀመር። ለእኛ ኢንተርኔት የሚመጣው ኮረብታው ላይ ካለው ማማ ነው፤ ጣሪያዬ ላይ ያለች ትንሽ አንቴና ትቀበለዋለች። ተጫዋቼ እየሮጠ ሳለ ድርቅ ይላል። ሲነቃ ግድግዳ እየገፋ ነው፤ ጎል ገብቶብናል። መብራቷ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ከዚያ ጌሙ ያባርረኛል። «አባዬ፣ ተቆራረጥክብኝ። ከመስመሩ ነው፤ አስጠግነው» ይለኛል ኒል። የአንድ ሰዓቱ ጨዋታ ግማሽ ሰዓት ሆነ፣ በኋላም ዐሥር ደቂቃ።

ክረምቱን ሙሉ የሠራሁት ይህንኑ ነው። ራውተሩ ምድር ቤት፣ ሥጋና ዓሣ ከምናስቀምጥበት ትልቅ ማቀዝቀዣ ጀርባ ነበር፤ አውጥቼ ሳሎን መደርደሪያ ላይ፣ ከፍሎራ እናት ፎቶ አጠገብ ሰቀልኩት። ዋይፋዩን ተውኩና ከራውተሩ እስከ ማሽኑ ኬብል ዘረጋሁ፤ በግድግዳው ሥር እየቸነከርኩ። እሁድ በዐሥር ሰዓት በቤቱ ያለው ስልክ ሁሉ እንዲጠፋ አዘዝኩ።

«ሻይ ማሞቅስ ይፈቀዳል?» አለች ፍሎራ።

«በምድጃው። ማይክሮዌቩ ኔትወርክ ይረብሻል ይላሉ።»

«ኬብል አስገብተህ የለ? ኬብሉም ማይክሮዌቭ ይፈራል?»

እውነቷን ነበር፤ እኔ ግን አዲስ ራውተር ገዛሁ። አንቴናውን በረዶ ላይ ቆሜ በመጥረጊያ እንጨት ገፋሁት። ምንም ለውጥ የለም። ፍሎራ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለች ትስቅብኛለች።

በሚያዝያ የኢንተርኔቱ ኩባንያ አንዲት ወጣት ባለሙያ ላከ። ጣሪያው ላይ ወጥታ ወዲያው ወረደች።

«ቤትዎ ውስጥ የሠሩት ሁሉ ትክክል ነው» አለችኝ። «ችግሩ እነዚያ ጥዶች ናቸው። ማማውን ጋርደውታል። ሲረጥቡ ደግሞ ይብሳል፤ ሲግናሉን ይጠጡታል። የእርስዎ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«እንግዲህ ጎረቤትዎን ያነጋግሯቸዋ» አለችና ቦርሳዋን ዘጋች። ለእሷ ቀላል ነው።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። በማግስቱ የሮሪን በር አንኳኳሁ። ከፍቶ ሲያየኝ ፊቱ ነጣ።

«ማን ሞተ?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን እግር ጣለህ?»

«ጥዶችህ። ኢንተርኔቴን ዘግተውብኛል።»

የበሩን መቃን ይዞ እስኪያነባ ሳቀ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ይህ ሰው አንድ ቀን ይቅርታ ሊለኝ ይመጣል፣ ምን ልበለው እያልኩ መልስ ሳዘጋጅ ነበር። ለኢንተርኔት መጣህ?»

«ከልጄ ጋር የምጫወትበት ነው። እሁድ እሁድ ነው የማገኘው። አሁን እሱንም ላጣው ነው።»

ሳቁን አቆመ። የእሱም ሁለት ልጆች አልበርታ ናቸው። «ስንት ዛፍ ነው?»

«ስድስት። ሰባት ቢሆን ደግሞ ይሻላል።»

«ድንጋዩን ስጠኝ።»

እንደሚለው አውቅ ነበር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ቢሆንም «ድንጋዩ የኒል ነው» አልኩት።

«ኒል ሊመለስ ነው?»

«ይመለሳል።»

«የእኔዎቹም ይመለሳሉ ብዬ ነበር። አንዱ ቤት ገዛ፣ አንዱ እዚያው ወለደ። እኔ ግን ዛሬም አጠምዳለሁ፤ ወጥመዴ የሚያርፍበት ቦታ እፈልጋለሁ። አስብበትና ንገረኝ።»

ቤት ገብቼ ለፍሎራ ነገርኳት። ጀልባ ላይ አብራኝ የምትሠራው እሷ ናት፤ ድንጋዩ ከምንይዘው ውስጥ ሩብ ያህሉን እንደሚሰጠን ከእኔ እኩል ታውቃለች። ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ለኒል ያስቀመጥከውን ድንጋይ ለኒል ብለህ ልትሰጥ ነው?»

«ልጁን ካጣሁት ድንጋዩ ምን ሊሠራልኝ?»

«ሄክተር፣ ችግሩ ጥዱ ባይሆንስ?»

«ባለሙያዋ ጥዱ ነው ብላለች!» ብዬ ጮኽኩባት። እሷም ድንቿን መላጥ ቀጠለች። ለምን ያን ያህል እንደጮኽኩ ያኔ ራሴን አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ድንጋዩን ለሮሪ ሰጠሁት፤ እሱም ቃሉን ጠበቀ። በሦስተኛው ቀን መጋዙ ሲጮህ ውሎ ሰባቱም ጥዶች ወደቁ። በክፍተቱ ኮረብታው ከነማማው ታየ፤ በስተግራ ደግሞ ለሃያ ዓመት ከሳሎኔ ታይቶኝ የማያውቀው ባሕር ብቅ አለ። ኩባንያው አንቴናውን ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ሲመጡ የማጥመጃው ወቅት ተከፍቶ፣ በዚያው ክፍተት ውስጥ የሮሪ ወጥመዶች ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ምልክቶች ከአባቴ ድንጋይ በላይ ተደርድረው ይታዩ ነበር። ቋጠሮ አላሰርኩም፤ ቢላዋም አላወጣሁም።

እሁድ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ ማሽኑን ከፍቼ ተቀመጥኩ። መብራቷ አረንጓዴ ሆነች፤ እንደ ለምለም ሣር። የኒልም አረንጓዴ ነበር።

«አባዬ! ምን አድርገህ ነው?» አለኝ። ድምፁ አጠገቤ የተቀመጠ ያህል ነበር። ኩባያውን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ እንኳ ሰማሁት።

«አስጠገንኩታ። አንተው አይደለህ ያልከኝ?»

ስለ ድንጋዩ አልነገርኩትም። መጀመሪያ ይደሰት፣ በኋላ እነግረዋለሁ አልኩ። ለሃያ ደቂቃ እንደ ድሮው ተጫወትን። አንድ ጊዜ አቀበለኝና መታሁ፤ ገባ። «ሽማግሌው!» ብሎ ጮኸ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በዚያ ደስታ አፌ ተፈታ።

«ጀልባዋን ዘንድሮ ቀለም ልቀባት ነው» አልኩት። «ስምሽ ምን ይሁን ብላት አንተን ትጠራለች። በስምህ ላዛውራት አስቤያለሁ። ትከሻዬም እንደምታውቀው ነው፣ ከሚመጣው ዓመት በኋላ የምችል አይመስለኝም። ታዲያ መቼ ነው የምትመጣው?»

የእሱ ተጫዋች መሐል ሜዳ ላይ ቆመ።

«ኒል?»

«አባ... አል... ሰማ...»

መብራቷን አየሁ። አረንጓዴ። የእሱም አረንጓዴ።

«ኒል፣ ትሰማኛለህ?»

«ተቆ... ራር... ከመስ... መሩ...»

ከኋላው ራዲዮ ተከፍቶ ነበር። አንዲት ሴት የአየር ሁኔታ ታነብባለች። «ነገ ከፊል ደመናማ ሆኖ ይውላል» አለች። «ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ፣ በሰዓት አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር፤ ከሰዓት በኋላ ይረግባል።» አንዲት ፊደል አልወደቀባትም። ነፋስ ሲነበብ መስማት ልማዴ ነውና ቃል በቃል ሰማኋት። የሚቆራረጠው የልጄ ድምፅ ብቻ ነበር፤ የሚቆራርጠውም በገዛ አፉ።

ያውቅበታል ደግሞ። ቃሉን የት ላይ እንደሚውጠው፣ ምን ያህል ዝም ብሎ መልሶ እንደሚጀምር፣ ሁሉን ያውቅበታል። ይህ የዛሬ ሥራ አይደለም። ያለፉት እሁዶች አንድ በአንድ ትዝ አሉኝ። መቼ ትመጣለህ ያልኩበት ቀን ሁሉ የተቆራረጠበት ቀን ነበር። የትኛው ከጥዱ፣ የትኛው ከልጄ እንደነበረ አሁን ማን ይነግረኛል? ተናደድኩ። አፈርኩም። ፊቴ ሲግል ይሰማኝ ነበር።

«ራዲዮህ ይሰማኛል» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሷል። ብናገረው ያፍራል፤ ካፈረ ደግሞ ከዚያ ወዲያ እሁድ የሚባል ነገር የለንም። ባሕር ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ይዤ የማላስቀረውን ገመድ መልቀቅ አያቅተኝም። አፌን ወደ ማይክሮፎኑ አስጠጋሁ።

«እኔ... ም... አል...» አልኩት። «ደህ... ና... ሁ...»

 የራዲዮዋ ሴት ጨርሳ ነበር። ከዚያ ስሙ ከስክሪኑ ላይ ጠፋ።

ፍሎራ የዕቃ ጨርቅ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም።

«ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ከመስመሩ ነው።»

መብራቷን አየች፤ አረንጓዴ ናት። ከዚያ እኔን አየችኝ። «አዎ፣ ከመስመሩ ነው» አለችና ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። ጥቂት ቆይቶ ማይክሮዌቩ ሲጮህ ሰማሁ።

ሰኞ ጠዋት ጀልባዬን ሳስጠጋ ሮሪ ከእኔ ቀድሞ ወደቡ ደርሶ ነበር። ሣጥኖቹ በሎብስተር ሞልተዋል። ከአባቴ ድንጋይ እንደሆኑ በቀለማቸው ለየኋቸው፤ እዚያ የሚያድጉት ጥቁር ሰማያዊ ናቸው። እጁን በሱሪው ጠርጎ ወደ እኔ መጣ።

«እንዴት ሆነልህ ታዲያ? ልጅህ ይሰማል?»

«ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው» አልኩት። «ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ይሰማል።»

«እሰይ! ደግ ሆነ። እንኳን ቆረጥኳቸው» አለ ከልቡ። ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ብሎ ሁለት ትልልቅ ሎብስተሮች መረጠና አቀበለኝ። «ለፍሎራ በልልኝ። ከድንጋዩ ናቸው።»

አመስግኜ ተቀበልኩት።